ግድግዳው የመንገደኛውም ነው



“ግድግዳ ጆሮ አለው” ይላል የአገራችን ሰው፣ የሰው ገመና ሲያወራ ድምፁን ዝቅ እያደረገ። ግድግዳ አፍም እንዳለው ግን ብዙ ጊዜ ልብ አንለውም። ከቤታችን ወጥተን መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት እስክንደርስ ስንቱ ግድግዳ ስንት ነገር ይነግረናል! አንዱ “ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው” ይላል፤ እላዩ ላይ ሦስት ማስታወቂያ ተለጥፎበታል። ሌላው “እዚህ መሽናት ክልክል ነው” ይላል፤ ትእዛዙ እንዳልተከበረ ሽታው ይመሰክራል። ጥቂት አለፍ ስንል የእግር ኳስ ቡድን ስም፣ በልብ ቅርጽ ውስጥ የተጻፉ ሁለት ፊደላት፣ አንዳንዴም ከልጆቻችን ጋር ስናልፍ መንገድ የሚያስቀይረን ስድብ እናገኛለን።

በዚህ የተነሳ ብዙ ወላጆች በግድግዳ ላይ የሚጻፍና የሚሣል ነገር ሁሉ የዱርዬ ሥራ ነው ብለው ደምድመዋል። ወጣቶቻችን ደግሞ በየስልካቸው የዓለም ከተሞችን በቀለም ያሸበረቁ ግድግዳዎች ይመለከታሉ፤ ይደነቃሉም። አባት “ግድግዳ ማቆሸሽ ነው” ሲል ልጅ “ኪነ ጥበብ ነው” ይላል። እራት ላይ የተጀመረው ክርክር ሳይቋጭ የመኝታ ሰዓት ይደርሳል።

እኛ እንደሚመስለን ክርክሩ የማይቋጨው ጥያቄው በሚገባ ስላልተጠየቀ ነው። የግድግዳ ውስጠኛው ገጽ የባለቤቱ ነው። በውጪኛው ገጽ ላይ ግን መንገደኛውም ድርሻ አለው፤ ወዶም ሆነ ሳይወድ በየቀኑ ያየዋልና። ስለዚህ በዚያ ገጽ ላይ እጁን የሚያሳርፍ ሰው ለሁለት ወገኖች ተጠያቂ ነው፤ ለግድግዳው ባለቤትና ለአላፊ አግዳሚው። ልንጠይቅ የሚገባን “ይህ ነገር ለሚያልፈው ሰው ምን ሰጠው? ወይስ ምን ወሰደበት?” ብለን ነው። ይህን ሚዛን ይዘን በዚህ ወር የአንዲትን ከተማ ግድግዳዎች አብረን እንጎብኝ። ከተማይቱም ካይሮ ናት።

ቂብላውም ጎዳናውም

ካይሮን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለአገራችን ዑለሞችና ደረሶች ባዕድ ከተማ አልነበረችም። በታላቁ አል አዝሀር መስጊድ ከሐበሻ ምድር የሚሄዱ ሙስሊም ተማሪዎች “ሪዋቅ አል ጀበርት” የሚባል የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. ከ1753 እስከ 1825 የኖሩት ታዋቂው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል ጀበርቲም የዘር ሐረጋቸው ከዚሁ ከእኛው አካባቢ የሚመዘዝ ነው።

ከአል አዝሀር ትንሽ ወደ ሰሜን፣ በአል ሙዒዝ ጎዳና ላይ፣ “አል አቅመር” የተባለ አነስተኛ መስጊድ አለ። በጨረቃ ብርሃን የደመቀ እንደማለት ነው። በ519 ሂጅሪያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1125፣ በፋጢሚዮች ዘመን ተሠራ። መስጊድ እንደመሆኑ ውስጡ ወደ ቂብላ መቅናት ነበረበት፤ ጎዳናው ግን በሌላ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ታዲያ ግንበኞቹ ምን አደረጉ? ሶላት የሚሰገድበትን ክፍል ወደ ቂብላ አቀኑት፤ የፊት ለፊቱን ግድግዳ ደግሞ ከጎዳናው መስመር ጋር አስተካከሉት። በሁለቱ መካከል የተፈጠረውን ልዩነት በግድግዳው ውፍረት ሞሉት፤ አንዱ ወገን ስስ፣ ሌላው ወገን ወፍራም ሆነ። ወደ ጎዳናው በዞረው ድንጋይ ላይም ጽሑፍና የሐረግ ጌጥ ቀረጹበት። በካይሮ ፊቱን እንዲህ ከጎዳናው ጋር ያስተካከለ የመጀመሪያው መስጊድ ይኸው እንደሆነ የሥነ ሕንጻ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ።

አስተውሉ! እነዚያ ግንበኞች የአላህን ሐቅ ሳያጎድሉ የመንገደኛውንም ሐቅ አሰቡ። ውስጥ ገብቶ ለሚሰግደው ቂብላውን ሰጡት፤ ደጁን አቋርጦ ለሚያልፈው ነጋዴ፣ ተሸካሚና ውሃ ቀጂ ደግሞ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ውበት ሰጡት። በግድግዳ አማካይነት ሰውን ማክበር ከትናንት ወዲያ ከምዕራብ የመጣ ፋሽን እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

የሐጅ ግድግዳዎች

ሀብታሙ በድንጋይ ሲያስቀርጽ ድሀው ምን አለው? ድሀው ኖራና ቀለም አለው። በግብጽ፣ በተለይም በደቡቡ ክፍል በሰዒድ፣ አንድ ሰው ሐጅ አድርጎ ሲመለስ የቤቱ የውጪ ግድግዳ ተሥሎ ይጠብቀዋል። ልማዱ የቆየ ነው። ኤድዋርድ ሌን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1836 ስለ ግብጻውያን አኗኗር ባሳተመው መጽሐፍ የካይሮ ሰዎች ሐጃጁ ከመመለሱ በፊት የቤቱን በር በቀይ አፈርና በኖራ እንደሚያስጌጡ ጽፏል።

ከጊዜ በኋላ ሥዕሎቹ በዙ። ካዕባው በጥቁር ልብሱ፣ የመዲናው አረንጓዴ ቁባ፣ የተጓዡ ስምና የሐጁ ዓመት፣ ሐጁ መቡሩር እንዲሆን የሚለምን ዱዓ ይጻፋል፤ ይሣላል። ተጓዡ የሄደበት መጓጓዣም አይረሳም። ቀድሞ ግመልና መርከብ ነበር፤ በኋላ አውሮፕላን መጣ። የሠዓሊው ሙያ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቤት ቀቢ ነው፣ አንዳንዱ የሰፈሩ መምህር ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ እጁ የሚታዘዝለት የሐጃጁ ዘመድ ነው። የአውሮፕላኑ ክንፍ ተንሻፎ፣ ካዕባው አንድ ወገን አዘንብሎ ብናይ መሳቅ የለብንም። ሥዕሉ የተሠራው ለኤግዚቢሽን አይደለም። “ይህ ቤት እንግዳውን በናፍቆት ጠበቀ፤ ጎረቤት ሆይ፣ ደስታችንን ተካፈል” ለማለት ነው።

ከዓመታት በኋላ ፀሐዩ ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ብዙዎቹም እንደገና አይቀቡም፤ ከባለቤቱ ጋር አብረው ያረጃሉ። በሉክሶር ማዶ በምትገኘው የቁርና መንደር በእንዲህ ያሉ ሥዕሎች ያሸበረቁ በርካታ ቤቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ማብቂያ ጀምሮ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ሲደረግና ቤቶቹ ሲፈርሱ ሥዕሎቹም አብረው ሄዱ። የግድግዳ ሥዕል እንደ ሰው ዕድሜው የተቆጠረ ነውና፣ ያለ ጊዜ አይተን ካላደነቅነው ነገ አናገኘውም።

ኖራ የተቀባ ሐዘን

ሦስተኛው ግድግዳችን ደስታን የሚናገር አይደለም። ከካይሮው ታህሪር አደባባይ የሚነሳ ሙሐመድ ማሕሙድ የሚባል ጎዳና አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 በዚያ ጎዳና ላይ በተቃዋሚዎችና በፀጥታ ኃይሎች መካከል ለቀናት በቆየው ግጭት ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ወጣቶችም ዓይናቸውን አጡ። ሕዝቡ ለጎዳናው “የዓይኖች ጎዳና” የሚል ስም እስከመስጠት ደረሰ። በየካቲት 2012 ደግሞ በፖርት ሰዒድ ስታዲየም ከ70 በላይ የእግር ኳስ ደጋፊዎች ተገደሉ።

ከሉክሶር የሥነ ጥበብ ኮሌጅ የመጡት ዐማር አቡ በክርና ዐላእ ዐወድ የተባሉ ሠዓልያን ከሌሎች ወጣቶች ጋር ሆነው በጎዳናው ዳር የሚገኘውን የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ረጅም ግድግዳ የሐዘን መዝገብ አደረጉት። አንዱ የሟቾቹን ወጣቶች ፊት ሣለ። ሌላው የጥንት ግብጻውያን በመቃብር ግድግዳ ላይ ይሥሉ በነበረው ስልት የሚያለቅሱ ሴቶችን ሰልፍ ሣለ። በዚያ የሚያልፉ ሰዎች እየቆሙ ያዩ ነበር፤ የሚያውቁትን ፊት የሚፈልጉም አልጠፉም።

በመስከረም 2012 በአንድ ሌሊት ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ ሥዕሉ ተሸፈነ። ወጣቶቹም ወዲያው ተመልሰው በላዩ ላይ እንደገና መሣል ጀመሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይቀሩ የማጥፋቱን ሥራ ነቅፈው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ከግድግዳው ከፊሉ ፈረሰ። ዛሬ ያንን ሥዕል የምናየው በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የፖለቲካውን ፍርድ ለባለ ጉዳዮቹ እንተወው። እኛን የሚመለከተን ትምህርት ሌላ ነው። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ እንቀመጣለን፤ ጎረቤትም ይመጣል። መንገድ ላይ ለሞተ ልጅ ግን ለቅሶው የት ይቀመጥ? እነዚያ ሠዓልያን ግድግዳውን የለቅሶ ድንኳን አደረጉት። ግድግዳውን ንጹሕ ማድረግና ሐዘኑን መሸፈን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም አሳዩን።

ከተራራው ላይ የሚነበበው ጽሑፍ

አራተኛውን ግድግዳ ለመረዳት ከካይሮ ለአፍታ ወጥተን ወደ ቱኒዚያ መሄድ ይኖርብናል፤ ሠዓሊው የዘር ሐረጉ ከዚያ ነውና። “ኤል ሲድ” በሚል የሥራ ስም የሚታወቀው ይህ ሰው ከቱኒዚያውያን ወላጆች በፈረንሳይ ተወልዶ አደገ። በልጅነቱ የሚያውቀው የቤቱን የቱኒዚያ ዘዬ ብቻ ነበር። የዐረብኛን ፊደል ማንበብና መጻፍ የተማረው 18 ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ማንነቱን ሲፈልግ ነው። ፊደሉን ሲያገኝ ግን በደብተር አልወሰነውም፤ ወደ ግድግዳ ወጣ።

እንደምታውቁት የዐረብኛ የቁም ጽሕፈት ጥብቅ ሥርዓት ያለው ሙያ ነው። በ328 ሂጅሪያ የሞተው የባግዳዱ ኢብኑ ሙቅላ የእያንዳንዱን ፊደል ቁመትና ጎን በብዕሩ ጫፍ በሚወጣው ነጥብ የሚለካበትን ደንብ እንደሠራ ይነገርለታል። ኤል ሲድ ይህንን ደንብ ተከትሎ አይጽፍም፤ ፊደሎቹን እንደ ወራጅ ውሃ ያጠማዝዛቸዋል። ለቁም ጸሐፊዎች ይህ ጉድለት ሊመስላቸው ይችላል። ዳሩ ግን ያልተማረ ዓይን እንኳን የፊደሉን ግርማ እንዲያይ አድርጓል።

እ.ኤ.አ. በ2012 በወላጆቹ ከተማ በጋቤስ ወደ ጃራ መስጊድ ሄደ። 57 ሜትር የሚረዝመው ሚናራ እ.ኤ.አ. በ1994 ተሠርቶ ለ18 ዓመታት ግራጫ ሲሚንቶ እንደሆነ ቆሞ ነበር። ሠዓሊው በመጀመሪያ ያደረገው የመስጊዱን ኢማም ማነጋገር ነው። ኢማሙም አንድ ሰው መጥቶ እንዲሠራበት ለዓመታት ሲጠብቁ እንደነበር ነገሩት። በሚናራው ላይ የጻፈው ከሱረቱል ሑጁራት 13ኛውን አንቀጽ ነው፤ ሰዎች ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ተፈጥረው በሕዝብና በጎሳ የተለያዩት እንዲተዋወቁ መሆኑን የሚያስገነዝበውን።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ይህንኑ መተዋወቅ በካይሮ ለመፈተን መጣ። የመረጠው ሰፈር በሙቀጠም ተራራ ሥር ያለው መንሺያት ናስር ነው። የሚኖሩበት በአብዛኛው ከሰዒድ የመጡ የቅብጥ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የካይሮን ቆሻሻ ከቤት ቤት ይሰበስባሉ፣ ወረቀቱን፣ ፕላስቲኩንና ብረቱን ይለያሉ፤ አብዛኛው ከሰበሰቡት ውስጥ ተመልሶ ለጥቅም ይውላል። ከተማይቱ ግን “ዘባሊን” ትላቸዋለች፤ የቆሻሻ ሰዎች። ከተማን የሚያጸዳ ሰው በቆሻሻ ስም ሲጠራ አይገርምም?

ኤል ሲድ በሰፈሩ ቄስ ይሁንታ ወደ ሃምሳ በሚጠጉ ቤቶች ላይ በነጭ፣ በብርቱካናማና በሰማያዊ ቀለም አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። አንዱ ቤት የአንድ ፊደል ጭራ ይይዛል፣ ሌላው ሆዱን። ከሥር ሆኖ የሚመለከት ሰው የተበታተነ ቀለም እንጂ ጽሑፍ አያይም። ቁርጥራጮቹ ተገጣጥመው አንድ ክብ ጽሑፍ የሚሆኑት ሙቀጠም ተራራ ላይ ወጥቶ ለሚያይ ብቻ ነው። ቃሉም በ4ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ጳጳስ ከነበሩት ከአትናቴዎስ የተወሰደ ነው፤ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የሚሻ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል መልእክት አለው። ለእኛ አገር ሰው አትናቴዎስ እንግዳ አይደሉም፤ ፍሬምናጦስን ወይም አባ ሰላማን ጳጳስ አድርገው ወደ አክሱም የላኩት እርሳቸው ናቸው።

ሙስሊሙ ሠዓሊ በክርስቲያን ጎረቤቶቹ ቤት ላይ፣ እነርሱ የሚያከብሩትን ሰው ቃል፣ በቁርአን ቋንቋ ፊደል ጻፈላቸው። የራሱን እምነት አልሸጠም፤ የእነርሱንም አልነካም። ዓይኑን መጥረግ የሚገባው ማን እንደሆነ ግን ሁሉም ገባው። ጽሑፉ ወቀሳ ያቀረበው ቆሻሻ ለሚሰበስቡት አልነበረም፤ ከላይ ሆነው ለሚያዩአቸው ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ውድ አንባብያን! ማድነቅ ማለት ሁሉን እሺ ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮችን በግልጽ ማስቀመጥ ይገባናል።

አንደኛው የአላህ ቃል ክብር ነው። ኢማም አን ነወዊ የቁርአን አንቀጾችንና የአላህን ስሞች በግድግዳና በልብስ ላይ መጻፍ በሻፊዒይ መዝሀብ የተጠላ (መክሩህ) መሆኑን አስፍረዋል። ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ልስኑ ይረግፋል፣ ከሥሩም ቆሻሻ ይጣላል። በሌላ በኩል እንደ አል አቅመር ያሉ መስጊዶች ለዘመናት የተቀረጸባቸውን ይዘው ቆመዋል። ስለዚህ ወጣቶቻችን የቁርአን አንቀጽ በመንገድ ዳር አጥር ላይ ለመጻፍ ከመነሳታቸው በፊት የአካባቢያቸውን ዑለሞች ይጠይቁ። ነፍስ ያላቸውን ፍጥረታት ስለመሣልም እንዲሁ። በፊደል፣ በሐረግና በቀለም ብቻ የሚሠራው ሜዳ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው ፈቃድ ነው። የሰው ግድግዳ የሰው ንብረት ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ በሌሊት የተሠራ ሥዕል የቱንም ያህል ቢያምር የሰው ሐቅ አለበት። ሙሐመድ ማሕሙድ ጎዳና በሐዘን ቀን የሆነ ነገር ነው፤ ለቀልድና ለዝና ምክንያት አይሆነንም። የጃራው ሚናራ ግን የተጀመረው በቀለም ሳይሆን ኢማሙን በማነጋገር እንደነበር አንርሳ።

ሦስተኛው መልእክቱ ነው። የመንገድን ሐቅ መጠበቅ፣ ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ማስወገድ፣ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩን ጉዳይ ነው። ድንጋይና እሾህ ብቻ ነው የሚያስቸግረው? የጎረቤትን ጎሳ ወይም ሃይማኖት የሚሰድብ ጽሑፍ ከእሾህ የባሰ ይወጋል። እንዲህ ያለውን ማጥፋት ሰደቃ ነው።

ለቤተሰብ የሚሆን ልምምድ

በመምህርነት ሥራችን የታዘብነው አንድ ነገር አለ። ዴስክ ላይ ስሙን የሚቧጭር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ንብረት ለማጥፋት አስቦ አይደለም፤ “እኔም አለሁ” ማለቱ ነው። ተቆጥተን ብቻ ብንተወው ወደ ሌላ ዴስክ ይሄዳል። ቦታና ኃላፊነት ብንሰጠው ግን እጁ ሙያ ይማራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ከልጆቻችሁ ጋር ስትሄዱ አንድ ግድግዳ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ቁሙ። መጀመሪያ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩት። ከዚያም ጠይቁ፤ ይህን የሠራው ሰው ማንን አስቦ ነው? አንዲት አሮጊት፣ አንድ ሕፃን፣ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ በዚህ ቢያልፍ ምን ያገኛል? ነገ ቢጠፋ የሚቆጨው ማን ነው? መልሱ “ማንም” ከሆነ ግድግዳው ቆሽሿል ማለት ነው። መልሱ አንድ ሰው እንኳን ካስታወሳችሁ ኖራውን ከማንሳታችሁ በፊት ደግማችሁ አስቡ።

ወጣቶች ሆይ፣ ፊደሉን አስቀድማችሁ በወረቀት ላይ ተለማመዱ። ወረቀቱን በአራት ማዕዘን ከፋፍሉት፤ ግድግዳውንም በዚያው ልክ ከፋፍላችሁ ሥዕሉን ቁራጭ በቁራጭ ማስፋት ትችላላችሁ። በጣሳ የሚረጭ ቀለም ስትጠቀሙ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ጎረቤቱን አማክሩ፣ ስትጨርሱም ቦታውን ካገኛችሁት የበለጠ አጽድታችሁ ሂዱ። የመድረሳና የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም አንድ ባዶ ግድግዳ ብትሰጧቸው ከባዶ ምክር የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

ከተማችን የምትሰፋው በግድግዳ ነው፤ አጥር በአጥር ላይ፣ ሕንጻ በሕንጻ ላይ ይጨመራል። ግድግዳ ሰውን ከሰው ለመለየት ቢሠራም፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ለሚያልፈው ሰላምታ መስጠት ያውቅበታል። ያንን ሰላምታ ሲሰጠን ቀና ብለን ብንመልስስ?

አላህ (ሱ.ወ.) ዓይናችንን በጎውን የሚያይ፣ እጃችንን በጎውን የሚሠራ ያድርግልን። ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።